የጠለቀ ምን ይዞ ይወጣል?

ሰው ሊተነፍስበት ወደማይችለው ውኃ በገዛ ፈቃዱ የሚወርድባቸው ሁለት ልማዶች በዚህ ዘመን ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ጥንታዊ ነው፤ ምእመን ለመንጻት፣ ለመፈወስና ዳግመኛ ለመወለድ ወደ ውኃ ይወርዳል። ሁለተኛው ዕድሜው ገና መቶ ዓመት ያልሞላ ነው፤ ተጓዥ በረሃና ባሕር ወደሚገናኙበት ዳርቻ ሄዶ፣ የታመቀ አየር የያዘ ብረት በጀርባው አዝሎ፣ ከፀሐይ ብርሃን ወደ ሰማያዊው ጨለማ ይጠልቃል፤ ከውኃው ሲወጣም በግመል ተቀምጦ አሸዋውን ያቋርጣል፣ ከከዋክብት ሥር ያድራል፣ ሲነጋ ተራራ ይወጣል። ሁለቱም ወራጆች ከተለመደው ኑሯቸው ርቀዋል፣ ሁለቱም ፍርሃታቸውን አልፈዋል፣ ሁለቱም ሲመለሱ እንደ አዲስ የመፈጠር ስሜት እንዳደረባቸው ይናገራሉ። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ጥያቄ እነዚህ ሁለት መውረዶች በመሠረታቸው አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ የሚለው ነው። ጥያቄውን ከባሕር ርቆ በሚገኘው በምዕራብ ጎጃም ቆሞ መመርመርም የራሱ ጥቅም አለው፤ ይህ ምድር ባሕር ባይኖረውም የባሕርን ስምና የመጥለቅን ምሥጢር በቋንቋው፣ በሥርዓቱና በምንጮቹ ጠብቆ አቆይቷልና።

ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ስም

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ስሟ ከግእዝ የተወሰደ ሆኖ ትርጉሙ የሰላም መንገድ ነው፤ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ወይና ደጋ ተቀምጣለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ ጥቂት ተጉዞ የምትገኘው ቡሬ ደግሞ በበርበሬዋና በገበያዋ የታወቀች፣ የነቀምት መንገድ ከአውራ ጎዳናው የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በአካባቢው ላህ፣ ብርና ፈጣም የተባሉት ወንዞች ይፈሳሉ፤ ውኃቸውም በመጨረሻ ጎጃምን ከብቦ በሚያልፈው በዓባይ ውስጥ ይጠቃለላል። የዚህ አገር ገበሬ ባሕርን በዓይኑ ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ ባሕር የሚለውን ቃል ሳይናገር ግን ዓመት አያልፍበትም።

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ውኃ ዳር ይወርዳሉ። ዕለቱ ከተራ ይባላል፤ ከተረ ማለት የሚፈስን ውኃ ገድቦ አቆመ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተገኘው ለማግሥቱ በዓል የሚሆነውን ውኃ ከመገደብና ከመሰብሰብ ሥራ ነው። በማግሥቱ ጥር 11 ቀን ካህናቱ የሚባርኩት ያ የተከተረ ውኃ፣ ስፋቱ ከአንድ ግቢ ባይበልጥም እንኳ፣ ባሕረ ጥምቀት ተብሎ ይጠራል። ሕዝቡ ጥቂት ውኃን ባሕር ብሎ የሚጠራው ባሕርን ስለማያውቅ አይደለም፤ በዚያ ገንዳ ውስጥ ዮርዳኖስንና ባሕረ ኤርትራን፣ ማለትም ቀይ ባሕርን፣ አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። የጣና ዳሯ ከተማ ባሕር ዳር መባሏ፣ ከሩቅ አገር የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ መባሉ፣ የውጭ አገር ሁሉ ባሕር ማዶ መባሉ የዚሁ ልማድ ቅርንጫፎች ናቸው። በቀድሞው ዘመንም የባሕር ቅሪት በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ወደ ጎጃም ገበያ ይገባ ነበር፤ አሞሌ የተባለው የጨው ጡብ፣ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ሸፍኖት ከነበረውና ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ከሚገኘው የአፋር በረሃ እየተቆረጠ፣ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ደጋውን ወጥቶ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበርና። ደገኛው ባሕርን ያወቀው በስሙና በጨውነቱ ነው ማለት ይቻላል።

ከባሕር ይልቅ ግን ለዚህ ጥያቄ ቁልፍ የሚሆነው መጥለቅ የሚለው ግሥ ነው። በአማርኛ ጠለቀ ማለት ሦስት ነገር ነው። ዋናተኛ ሲጠልቅ ወደ ውኃው ሆድ ይገባል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዓይን ትሰወራለች፤ ሴት ከምንጭ ወይም ከጋን ስትጠልቅ ደግሞ ዕቃዋን አስገብታ ሞልታ ታወጣለች፣ የምትቀዳበትም ቅል መጥለቂያ ይባላል። ቋንቋው በአንድ ቃል ሦስት ዐይነት ጠላቂዎችን አስቀምጧል፤ ለማየት የሚወርድ፣ ለመሰወር የሚወርድ፣ ለመቅዳት የሚወርድ። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ክርክር ከዚሁ ይነሣል፤ የመውረድ ዋጋ የሚለካው በደረሰበት ጥልቀት ወይም በተጋፈጠው አደጋ አይደለም፣ የወረደው ሰው ይዞት በሚወጣው ነገርና ያ ነገር በሚደርስለት ሰው ነው።

በበረሃ ዳር ያለው ጥልቀት

ለማየት የሚወርደውን ጠላቂ በትክክል ሳይረዱት መፍረድ ተገቢ አይሆንም። ለዚህም ከሚጠቀሱት ቦታዎች አንዷ በግብፅ በሲና ልሳነ ምድር፣ በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኘው ዳሃብ ናት። ዳሃብ በዐረብኛ ወርቅ ማለት ነው። ከኋላዋ ዛፍ አልባ የሆኑ ቀይ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷ ደግሞ የቀይ ባሕር ዛጎላማ ደን ተዘርግቷል። ይህ ደን ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ሺህ ዓመታት የገነቡት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ እንስሳቱ በሰውነታቸው ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ ዕፀዋት ጋር በመረዳዳት ይኖራሉ፤ በቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይገኛሉ። በየብሱ አንድ ሣር በማይታይበት ቦታ ውኃው በሕይወት መጨናነቁ፣ ወደዚያ የሚሄደውን ሰው ሁሉ የሚያስደንቅ ተቃርኖ ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ መጥለቅ ሥርዓት አለው። ሰው በየ10 ሜትሩ በወረደ ቁጥር የውኃው ጫና በምድር ላይ ባለው የአየር ጫና መጠን ይጨምራል፤ በ40 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ በየብስ ከሚሸከመው አምስት እጥፍ ይሸከማል ማለት ነው። በዚህ ጫና ውስጥ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅን የተባለው ክፍል በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ጠላቂው በችኮላ ከወጣ የሟሟው ጋዝ እንደ ተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያውን፣ አንዳንዴም አንጎሉን ይጎዳል። ስለዚህ ጠላቂ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከውኃው ገጽ ለመድረስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቆሞ ይጠብቃል፣ እስትንፋሱን ፈጽሞ አያምቅም፣ ብቻውንም አይወርድም፤ አየሩ ቢያልቅበት ከጓደኛው የሚካፈልበት ሁለተኛ አፍ አብሮት ይወርዳል። በየብስ ሳለ ሳያስበው ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረውን ትንፋሽ እዚያ ቆጥሮ ይተነፍሰዋል። ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም፤ ሕይወቱ በስጦታ የተሰጠችው መሆኗን በሳንባው የተማረ ሰው፣ በብራና ላይ የተጻፈውን ስለ እስትንፋስ የሚናገር ትምህርት ለመስማት የቀረበ ነው።

ነገር ግን በዳሃብ አጠገብ ሰማያዊው ጉድጓድ የሚባል፣ ጥልቀቱ 100 ሜትር ገደማ የሆነ የባሕር ገደል አለ፤ ከ50 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይም ወደ ውጭው ባሕር የሚያሳልፍ የድንጋይ ቅስት አለው። በዚያ ቅስት ለማለፍ ሲሉ ያልተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ስማቸው የተቀረጸባቸው የመታሰቢያ ሰሌዳዎችም በዳርቻው ገደል ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ልምድ ያላቸውም ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ያለው ጥያቄ የዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ሰው ለምን ከሚበቃው በላይ ይወርዳል የሚለው ነው። ኤድመንድ በርክ የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው ድርሳኑ፣ አስፈሪ ነገር አደጋው እጅግ ሳይቀርብ ሲታይ ደስታን ይሰጣል በማለት አስረድቷል። በጀብዱ ውስጥ ያለው ፈተና ደግሞ ያንን ርቀት በየጊዜው ማሳጠር ነው፤ ትናንት ልብ ያስመታ የነበረው ጥልቀት ዛሬ ልብ አያስመታምና፣ ደስታውን ብቻ የሚፈልግ ሰው በየጊዜው ጠለቅ ማለት ይገደዳል። በዚህ ጊዜ ለማየት የወረደው ጠላቂ ሳያውቀው ለመሰወር ወደሚወርደው ይለወጣል፤ እንደ ፀሐይ ይጠልቃል፣ ነገር ግን እንደ ፀሐይ ተመልሶ አይወጣም።

ትቢያና ጸበል

ከዳሃብ በስተ ጀርባ ባሉት ተራሮች መካከል፣ ሙሴ ሕጉን እንደ ተቀበለበት የሚታመነው የሲና ተራራ ይገኛል፤ በእግሩም ሥር በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ዘመን የተሠራው የቅድስት ካትሪን ገዳም ዛሬም ይኖራል። በባሕሩ በዚያኛው ወገን፣ በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት የምንኩስና አባት አድርገው የሚያከብሩት የአባ እንጦንስ ገዳም ከቀይ ባሕር ብዙ ሳይርቅ በተራራ ግርጌ ተቀምጧል። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ለመዝናናት የሚሄዱበት የበረሃና የባሕር መገናኛ ለኢትዮጵያዊው አንባቢ አዲስ ምድር አይደለም፤ በኦሪት ዘጸአት እስራኤል ባሕሩን በደረቅ ምድር የተሻገሩበት፣ ከዚያም አርባ ዓመት በበረሃ የተፈተኑበት ምድር ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 10 ይህን መሻገር ጥምቀት ብሎ ይጠራዋል። ትርጓሜው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምክንያቱም በታሪኩ ውስጥ ወደ ጥልቁ የሰጠሙት አሳዳጆቹ ሲሆኑ፣ እስራኤል ግን እግራቸው ሳይረጥብ አልፈዋል። ታዲያ ያልረጠበ ሕዝብ እንዴት ተጠመቀ ይባላል? መልሱ፣ ጥምቀት በሐዋርያው ዘንድ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ፣ ከባርነት ወደ ቃል ኪዳን የሚደረግ መሻገር በመሆኑ ነው። ጥምቀት የሚለው የግእዝ ቃል ጠመቀ፣ ማለትም ነከረ፣ ዘፈቀ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነከራሉ። ሕፃኑ ምንም ጀብዱ አልሠራም፤ ጥልቁን አልመረጠም፣ ፍርሃቱን አላሸነፈም፣ በሌላ ሰው ክንድ ወርዶ በሌላ ሰው ክንድ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ትልቁን መውረድ ምንም ማድረግ ለማይችለው ለሕፃን የሰጠችው፣ የመውረድ ኃይል ከወራጁ ጉብዝና እንደማይመጣ ለማስተማር ይመስላል።

ጸበል የሚለው ቃልም ይህንኑ አሳብ ያጠናክራል። በዛሬው አማርኛ ጸበል ማለት የተባረከ ውኃ ነው፤ በግእዝ ግን ጸበል ማለት ትቢያ፣ አቧራ ማለት ነው። በረሃና ምንጭ፣ ደረቅና ርጥብ በአንድ ቃል ውስጥ መገናኘታቸው ለቅኔ ሰው ድንገተኛ ነገር አይመስለውም። በጎጃም እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉት የታወቁ ጉባኤ ቤቶች የሚሰጠው የቅኔ ትምህርት ከአንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ማውጣትን ያለማምዳል፤ ላይ ላዩን የሚታየው ፍቺ ሰም፣ ከሥሩ የተሸሸገው ወርቅ ይባላል። በዚህ መንገድ ቢፈታ፣ ወደ ውኃ የሚወርድ ሰው ትቢያነቱን ይዞ ይወርዳል፤ የሚነጻውም ያን ትቢያነቱን ሲያምን ነው። ስሟ ወርቅ የሆነችው የባሕር ዳር ከተማ ጥልቀትን ለሚሻ ሰው ብዙ ሰም ትሰጠዋለች፤ ወርቁን ግን ራሱ መፍታት አለበት።

በግሽ ዓባይ የተገናኙ መንገደኞች

ሁለቱን የመውረድ ልማዶች በአንድ ስፍራ ለማነጻጸር በምዕራብ ጎጃም ከሰከላ የተሻለ ቦታ የለም። በሰከላ ወረዳ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ፣ ግሽ ዓባይ የሚባለው ምንጭ ይፈልቃል፤ ከዚህ የሚወጣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፣ ዓባይም ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ምንጩ በምእመናን ዘንድ ጸበል ነው፤ ከየአገሩ የሚመጡ ሕሙማን ይጠመቁበታል። በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ገድልና በአካባቢው ትውፊት እንደሚነገረው፣ ጻድቁ ሊታሰሩ በተወሰዱ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁም ውኃው መጻሕፍቱን ሳይርሱና ሳይበሰብሱ መለሰላቸው።

ይህን ትውፊት የሚያነብ ሰው ተአምሩን ከማድነቁ ጋር ቅደም ተከተሉን ቢያስተውል ይጠቀማል። ጻድቁ ወደ ምንጩ የመጡት ለመውሰድ አልነበረም፤ ያላቸውን ውድ ነገር ለመስጠት ነበር። ለሊቅ ከመጽሐፍ የሚበልጥ ሀብት የለውም፤ ለመጽሐፍም ከውኃ የሚከፋ ጠላት የለውም። ሀብቱን ለጠላቱ አደራ የሚሰጥ ሰው ጥልቁን እንደ ባዶ ጨለማ አያየውም፤ ሰሚና ጠባቂ ያለበት አድርጎ ያየዋል። አደራ የሚለው ቃል በአማርኛ ከተራ ዕቃ ማስቀመጥ የሚበልጥ ክብደት ያለው በመሆኑ፣ የትውፊቱ ማዕከል ውኃውን ታማኝ ሰው ማድረጉ ነው።

ወደዚሁ ምንጭ ሌሎች መንገደኞችም መጥተዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን ጎብኝቶ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ብዙ መከራ ተቀብሎ ደረሰ፤ ከምንጩ ውኃ በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ክብር ጠጣ። ከደስታው በኋላ የተከተለው ነገር ግን በራሱ መጽሐፍ የተመዘገበ ነው፤ በአውሮፓ የሚያውቃቸውን ወንዞች ምንጮች ከዚህ እያነጻጸረ፣ ይህን ያህል የደከመበት ነገር ያን ያህል የሚያስደንቅ እንዳልሆነ ተሰምቶት በትካዜ ተዋጠ። ብሩስ ደፋርና አስተዋይ ሰው ነበር፣ ስለ ኢትዮጵያም የተወው መረጃ ብዙ ነው፤ ትካዜው የሚያሳየው የእርሱን ጉድለት ሳይሆን የአንድ ዐይነት ፍለጋን ባሕርይ ነው። ምንጩን መድረሻ ላደረገ ሰው ምንጩ ሲደረስ ያልቃል፤ ምንጩን መጀመሪያ ላደረገ ሰው ግን መንገዱ ከዚያ ይጀምራል። ሕሙም ወደ ግሽ ሲወርድ የምንጩን ስፋት ወይም ውበት አይለካም፤ ከአንድ ጭብጥ ውኃ የሚፈልገው ሁሉ አለና።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ቀዛፊዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከዚሁ ምንጭ ተነሥተው፣ ዓባይን ተከትለው በገደሉና በፏፏቴዎቹ፣ ከዚያም በሱዳንና በግብፅ በረሃ አቋርጠው በ114 ቀን እስክንድርያ ደረሱ። ጉዟቸው አንድ እውነት ገሃድ አውጥቷል፤ በሰከላ ሣር መካከል የሚንጠባጠበው ውኃ በመጨረሻ የበረሃ ዳር ባሕር ይሆናል። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ በመሆኑ፣ በባሕሩ ዳር የሚዝናናውና በምንጩ ዳር የሚጸልየው ሰው ሳይተዋወቁ በአንድ ውኃ ይኖራሉ ማለት ነው።

የመደሰት መብትና ያልተመረጠ አደጋ

በዚህ ክርክር ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ደስታን በጥርጣሬ ማየት ፈጣሪን ማሳነስ ነው የሚል ነው፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት የባሕር ፍጥረታት በሐሙስ ዕለት የተፈጠሩ ናቸው፤ መዝሙረ ዳዊትም ባሕሩንና በውስጡ የሚመላለሱትን ቁጥር የሌላቸውን ፍጥረታት ከፈጣሪ ሥራ ምስጋና ጋር ያነሣል። ያንን የሐሙስ ሥራ በዓይኑ አይቶ የተደነቀ ሰው ምስጋና ከወጣው፣ ለማየት መውረዱ ራሱ የጸሎት ደጅ ሊሆን ይችላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው በ10ኛው መጽሐፍ፣ ሰዎች የተራራን ከፍታና የባሕርን ማዕበል ለማድነቅ እየሄዱ ራሳቸውን ግን ሳያዩ እንደሚያልፉ ሲጽፍ፣ የከለከለው ማድነቅን ሳይሆን አድናቆት በራስ ፊት ሲቆም ዓይኑን መጨፈኑን ነው።

ሁለተኛው ከሥነ ምግባር የሚነሣ ነው። በጀብዱ ውስጥ ያለ አደጋ የተመረጠ አደጋ ነው፤ ዋጋ ተከፍሎበት ይገዛል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ያልተመረጠ አደጋ በየክረምቱ ይመጣል። ድልድይ በሌለበት ቦታ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሞላ ወንዝ ተማሪን ከትምህርት ቤት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከጤና ጣቢያ ይለያል፤ በቀድሞው ዘመን ዓባይን ለመሻገር ዋናተኞች በአየር በተነፋ አቁማዳ ሰውና ጭነት ያሻግሩ ነበር፣ ያም ለክብር ሳይሆን ለእንጀራ የተደረገ መጥለቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገዱን ራሱን አስፈሪ አድርጎታል፤ ስሟ የሰላም መንገድ የሆነችው ከተማ ይህን ሐዘን ከሌሎቹ ጋር ተካፍላለች። አደጋን እንደ ጌጥ ለመሻት በቅድሚያ ደኅንነት ያለው ኑሮ ያስፈልጋል፤ ይህን የተረዳ ጀብደኛ የተሰጠው ሰላም ጸጋ መሆኑን ያውቃል፣ ድፍረቱንም ከሚያሻግሩት ዋናተኞች ድፍረት አያስበልጥም።

ይዞ መውጣት

በገጠር ምንጭ ዳር ውኃ የምትቀዳ ሴት የመጥለቅን ሦስተኛ ትርጉም በየማለዳው ትፈጽመዋለች። እንስራዋን አጠገቧ አስቀምጣ ትንበረከካለች፤ በቅሏ ጀርባ የውኃውን ገጽ ቀስ አድርጋ ገፋ ታደርጋለች፣ ቅጠሉና ጉድፉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ጭቃው እስኪጠል ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቅሏን አዘንብላ ታስገባለች፣ ሳትቸኩልም ሞልታ ታወጣለች። ቅል ባዶ ካልሆነ አይቀዳም፤ ዘንበል ካላለ አይሞላም፤ ከወጣ በኋላም ለራሱ አይጠጣም። ባዶነት፣ ትሕትናና ለሌላ መሆን በአንድ የኩሽና ዕቃ ላይ ተጽፈዋል። በታላላቆቹ መጻሕፍት ያሉ ጠላቂዎችም ከዚህች ሴት ሥራ አይለዩም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ሸሽቶ ለመሰወር ወረደ፤ ከዓሣው ሆድ የወጣው ግን ለነነዌ ሕዝብ ቃል ይዞ ነው፣ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሦስት ቀን ጾም የሚታሰበውም መስጠሙ ሳይሆን ይዞት የወጣው ቃል ያስገኘው ንስሐ ነው። በቅዱስ ቁርአን በሱረቱል ካህፍ ነቢዩ ሙሳ ሁለት ባሕሮች ወደሚገናኙበት ስፍራ የተጓዙት ለዕይታ ሳይሆን ከርሳቸው የተለየ ዕውቀት ከተሰጠው ባሪያ ለመማር ነው።

ይህ ሚዛን ጀብደኛውን ከደጅ የሚያስቀር አይደለም፤ የሚገባበትን በር ያሳየዋል። የባሕር ውኃ ሲሞቅ ኮራሎች ቀለማቸውን አጥተው እንደሚነጡ ዓለም ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ፣ ወርደው አይተው የመሰከሩ ጠላቂዎች ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ከጥልቁ ምስክርነት ቀድተው ወጥተዋል። በጎጃምም ደን እየተመነጠረና አፈሩ እየታጠበ ምንጮች ሲደክሙ፣ ምንጭ ማጎልበት የሚባለው ሥራ፣ ማለትም ዙሪያውን አጥሮ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ዓይኑን በድንጋይ ገንብቶ ውኃውን መጠበቅ፣ ለምንጩ አደራውን መመለስ ነው። አደራ የተቀበለ ውኃ አደራ የሚመልስለት ሰው ይሻል።

ከሰከላ የሚመለስ ተጠማቂ እጁ ባዶ ሆኖ አይታይም። ቢጫ ጀሪካን ወይም ኮዳ ይይዛል፤ መንገዱ ረጅም፣ ዳገቱ ከባድ ቢሆንም ውኃውን እንደ ዕንቁ ይጠብቀዋል፣ ምክንያቱም በቤቱ መነሣት ያልቻለ ሕሙም ወይም አቅሟ የደከመ እናት ይጠብቁታል። ከመካ የሚመለስ የቡሬ ሐጃጅም እንዲሁ፣ በበረሃ መካከል ሐጀር ለተጠማው ልጇ ውኃ ፍለጋ ስትሮጥ ከፈለቀላት ከዘምዘም ቀድቶ፣ ላልሄዱት ጎረቤቶቹ አንድ አንድ ጉንጭ ያካፍላል። ሁለቱ መንገደኞች በሃይማኖት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ወደ ውኃው የሄደው አንድ ሰው ቢሆንም የሚጠጡት ብዙ ናቸው። እንግዲህ በበረሃ ዳር ባሕር ሆነ በተራራ ምንጭ፣ ወደ ጥልቅ ለወረደ ሰው ሁሉ የሚቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ ምን ያህል ወረድክ የሚል አይሆንም፤ ወደ ቤቱ ሲገባ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሕሙም እጁን ዘርግቶ የሚጠይቀው፣ ምን ቀዳህ የሚል ነው።